በወላጆች ቀን የጠየቅሁት

የልጅ ልጄ ከዋጃ ወደ እኔ ወደ ቆቦ የመጣችው ትምህርት አቋርጣ ከቆየች በኋላ ነው። ከክፍሏ ልጆች በቁመትም በዕድሜም ትበልጣለች። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ለወራት አፏን ሳትከፍት ቆየች።

መምህሯ ወጣት ናት። ጠዋት ጠዋት ደብተር ታስዘጋና ልጆቹ የትናንቱን ትምህርት አጠገባቸው ለተቀመጠው ልጅ እንዲነግሩ ታደርጋለች። የተሳሳተ ልጅ «ደግመህ ሞክር» ይባላል እንጂ አይሳቅበትም። የእኔዋም በዚህ ዓይነት መናገር ጀመረች። ቤት ስትመጣ ደብተሯን ዘግታ የተማረችውን፣ የዘር አበቃቀሉንም ጭምር፣ ለእኔ ትነግረኝ ነበር። በእኛ ጊዜ ጥናት ማለት ገልጦ ማንበብ ነበርና፣ «ወሬውን ተዪና አንብቢ» እላታለሁ።

በወላጆች ቀን መምህሯ እያንዳንዳችንን ከልጃችን ጎን አስቀምጣ የመጀመሪያውንና የአሁኑን የፈተና ወረቀት አሳየችን። የእኛዋ የመጀመሪያው ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ የአሁኑ ከግማሽ በላይ ተሞልቷል። ልጅቷ ክንዴን ይዛ ፊቴን ታያለች።

እኔ ወረቀቱን ገለበጥኩና «ስንተኛ ወጣች?» አልኩ።

«ደረጃ አላወጣንም፣ እማማ። ያወዳደርናት ከራሷ ጋር ነው» አለች መምህሯ።

«ታዲያ በምን ይታወቃል?»

ከኋላዬ የተቀመጠው ጎረቤታችን፣ «የእርስዎዋማ ሳይጠየቅም ይታወቃል፣ እትዬ። ከታች መቁጠር ነው» አለ።

ወላጆቹ ሳቁ፤ ልጆቹም ተከተሉ። በዚያ ክፍል ሲሳቅባት የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሳቁን ያመጣሁባት እኔ ነኝ። እጇን ከክንዴ ላይ አነሳች።

ከዚያ ወዲህ ቤት ስትመጣ ደብተሯን ገልጣ ዝም ብላ ታነባለች። መምህሯ ገበያ አግኝታኝ ክፍል ውስጥም መልሳ ዝም ማለቷን ነገረችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ትናንት አጠገቧ ተቀመጥኩና «ጠይቂኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ስለ ዘር የነገርሽኝን።»

ደብተሯ ላይ ገጹን ፈልጋ፣ «ዘር ለመብቀል ምን ምን ያስፈልገዋል?» አለች።

ዕድሜዬን ሙሉ ማሽላ ሲዘራ ያየሁ ነኝና፣ «ውሃ፣ ሙቀት፣ አፈር» አልኩ።

«አፈር አይደለም። በእርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅለን አይተናል። ነግሬሽ ነበር እኮ።»

ነግራኝ ነበር። አልሰማኋትም። ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትስቅም አልቀየማትም ነበር።

እሷ ግን ደብተሯን ዘጋችና፣ «ደግመሽ ሞክሪ» አለችኝ።