የጣሊያኑ ስም ያለበት ቫዮሊን

ባለቤቴ ቫዮሊኑን የገዛው እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል ነው። ሳምንቱን ኒው አልባኒ ያለ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ከርሞ፣ እሑድ ቸርች ይጫወትበት ነበር። በፊቱ ባለው ቀዳዳ አጮልቀው ሲያዩ፣ ውስጡ የአንድ ጥንታዊ ጣሊያናዊ ቫዮሊን ሠሪ ስም የታተመበት ወረቀት ተለጥፏል። ታላቅ ወንድሙ ያንን አነበበና፣ "ወንድሜ እጅ ሦስት መቶ ዓመት ያስቆጠረ የጣሊያን ቫዮሊን አለ" እያለ ለቸርቹ ሰው ሁሉ አዳረሰ።

"ጋሼ ተው፣ ይሄን ወረቀት ፋብሪካ ሁሉ ይለጥፈዋል" አለው ባለቤቴ። አልሰማውም።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ጋሼ "አፕሬይዝ እናስደርገው፣ ዋጋው ይታወቅ" እያለ ነዘነዘኝ። እንዲተወኝ ብዬ ዳውንታውን አካባቢ ወዳለ ቫዮሊን ጠጋኝ አብረን ሄድን። ጠጋኙ ጠርዙን ተከትሎ የሚዞረውን ጥቁር መስመር በመብራት አሳየን።

"ይሄ ቀለም ነው" አለ። "ጣሊያናዊው ቢሆን ጠርዙን በቢላ ፈልፍሎ ቀጫጭን እንጨት ይቀብርበት ነበር። ዘጠና ዓመት አልፎትም በእጁ ይሠራ ነበር። ይሄ የፋብሪካ ኮፒ ነው። ግን የተጫወተበት ሰው በደንብ ይዞታል።"

እኔ እየነዳሁ ስንመለስ ሞርስ ሮድ የሚባለው መንገድ ላይ ደረስን። ጋሼ "ወንድሜ አዋረደኝ" አለ።

"እንዴት?"

"እውነተኛ ነው ብሎ ዋሸኝ።"

ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ ተው ሲልዎት እኔው ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ? እሑድ ለሰዉ፣ ያታለለኝ እሱ ነው እላለሁ።"

አንድ ግሮሰሪ በር ላይ መኪናውን አቆምኩ። ካወቅሁት ጀምሮ አንቱ ያልኩትን ሰው "ውረድ" አልኩት። አፍጥጦ አየኝ። "ውረድ። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም ብለህ ነው?" ወረደ። በሩን እንኳ አልዘጋውም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቀድሜው ተነሣሁና፣ ቫዮሊኑ ኮፒ መሆኑን፣ ባለቤቴም ከመጀመሪያው ይህንኑ ሲናገር እንደነበር ለሁሉም ነገርኩ። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ቤቴ መጡ። "የተበደለው ባለቤቴ ነው፤ እኔ በምን አፌ ይቅር እላለሁ?" ብዬ ሸኘኋቸው። ያ ጣሊያናዊ ስሙን ያተረፈው ዕድሜ ልኩን እንጨት ላይ አጎንብሶ ነው። ጋሼ ግን በሰው ስም ሲኮራ ከረመና፣ ሲያፍር የወንድሙን ስም አጠፋ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።