ስመኝን «ሰው አይቷታል» ያልኩ ቀን

ያን ቀን በይታይሽ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን፦ የማኅበሩ ባለተራ ይታይሽ ራሷ፣ ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴያችን እማሆይ ጥሩ፣ ጎረቤቴ ዘውድነሽ፣ ጸበል ጻዲቁን የባረኩልን ቄስ፣ ጠላ ስትቀዳልን የነበረችው የይታይሽ ልጅ ስመኝ፣ እኔም። ከስድስታችን የሆነውን ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለባሌ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህን ዘልዬዋለሁ። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፤ አጻጻፌን ታገሡኝ።

ስመኝ የክርስትና ልጄ ናት። በሰማንያ ቀኗ ከካህኑ እጅ የተቀበልኳት እኔ ነኝ።

ደብረ ማርቆስ፣ በእኛ ሰፈር፣ አዲስ ስልክ የገዛች ሴት መጀመሪያ የምትመጣው እኔ ዘንድ ነው። ልጄ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አስተምራኝ ስለሄደች «የትኛው አፕ ይጠቅመኛል?» ይሉኛል። ጾሙንና በዓሉን የሚያሳየውን የቀን መቁጠሪያ እጭንላቸዋለሁ። ዓይናቸው ለደከመ ፊደል የሚያጎላውን፣ ደም ግፊት ላለባቸው መድኃኒት የሚዋጥበትን ሰዓት የሚያስታውሰውን እጨምራለሁ። ዘውድነሽ «ሊጥ የሚያቦካ የወጣ ቀን ከእኔ በፊት ለማንም እንዳትጭኚ!» እያለች ትስቅብኛለች። ደስ ይለኝ ነበር። ያልተማረች ሴት ተፈላጊ ስትሆን እንዴት ደስ አይላት?

ስመኝም ኮሌጅ ስትገባ የተገዛላትን ስልክ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ጥሩ ጥሩውን እርስዎ ይምረጡልኝ» ብላ እጄ ላይ ትታልኝ ወጣች። መረጥኩላት። ከዚያ ሳልነግራት አንድ ጨመርኩ፤ ያለችበትን ቦታ በእኔ ስልክ ካርታ ላይ በሰማያዊ ነጥብ የሚያሳይ። ከወለድኳት ልጅ ጋር የምጠቀምበት ነው። ለእሷ የጫንኩት ግን ጠይቄያት፣ እሺ ብላኝ ነው። ስመኝን ለምን አልጠየቅኋትም? እምቢ ትለኛለች ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ፈሪ ሰው ነኝ። ባጃጅ ተገለበጠ በተባለ ቁጥር ልጄ ውስጡ ያለች ይመስለኛል። እንደዚያ እየፈራሁ የስመኝን ነጥብ በቀን አሥር ጊዜ አይ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ኮሌጅ ከመግባቷ በፊት፣ ነጥቧ ከመናኸሪያው በታች ካለ አንድ ፔንሲዮን ላይ ትቆማለች። ሄጄ አላየሁም። ማንም ምንም አልነገረኝም።

በማኅበሩ ቀን ይታይሽን ወደ ጓዳ ሳብኳትና «ልጅሽን ከፔንሲዮን ስትወጣ ሰው አይቷታል» አልኳት።

«ማነው ያያት?»

«ስሙን አትጠይቂኝ፤ የታመነ ሰው ነው።»

ሰው አልነበረም። ያየሁት ነጥብ ነው። እንዴት እንዳወቅሁ እንዳይነቃብኝ ብዬ አፌ ላይ ሰው ፈጠርኩ።

ይታይሽ መታገሥ አልቻለችም። ወጥታ በሁላችን ፊት «አንቺ፣ ጠዋት ጠዋት የት ነው የምትሄጂው?» አለቻት። ስመኝ ጆጉን እንደያዘች ቆመች። ቄሱን አየች፣ ሴቶቹን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎስ ያምናሉ?» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። እማሆይ ጥሩ «ኧረ ተዪ! ልጅን በሰው ፊት እንዲህ ይጠይቋታል?» ብለው ይታይሽን ተቆጡ። የተቆጡት ግን ይታይሽን ነው፤ እኔን አይደለም። በማግሥቱ ስመኝ ኮሌጅ ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ነጥቧ መናኸሪያው ላይ ጠፋች፤ ስልኳም ተዘጋ።

ከሳምንት በኋላ ነጥቧ ትቆምበት ወደነበረው ቦታ ሄድኩ። በፔንሲዮኑ አጥር ጀርባ ቁልቁል የምትወርድ ቀጭን መንገድ አለች። መጨረሻዋ በቅርቡ የፈለቀ ጸበል ነው። ካርታው ላይ ጸበሉ የለም፤ ያለው ፔንሲዮኑ ብቻ ነው። እዚያ የሚያገለግሉ አንዲት እናት ፎቶዋን ሳሳያቸው ወዲያው አወቋት።

«ይቺማ የምትወድቀዋ ልጅ ናት! ሱባኤዋን ሳትጨርስ ቀረችብን። እናቴ እንዳትሰማ፣ ትደነግጣለች ስትለን ነበር። ደህና ናት?»

የሚጥል በሽታ ነበረባት። የደበቀችን እሱን ነው። ጠዋት በባዶ ሆዷ ልትጠመቅ ትሄድ የነበረችውን ልጅ በምን እንደጠረጠርኳት ታውቃላችሁ።

ይህን ከሰማሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ይታይሽ ግን አልሰማችም። ልጄ አዋርዳኝ ጠፋች ብላ ታለቅሳለች። ባየችኝ ቁጥር «ያ የታመነ ሰው ሌላ ቦታ አላያትም ይሆን?» ትለኛለች። እኔም «አላያትም» እላታለሁ። ስንት ጊዜ አልኳት? እውነቱን ብነግራት የጫንኩት ይታወቃል፤ ፈጥሬ ማውራቴ ይታወቃል። የራሴን ስም ለማትረፍ እናቲቱ ልጇን እንድትጠላ ተውኳት።

ስለምትወጃት ነው ያደረግሽው አትበሉኝ። ብወዳት ኖሮ የጠየቀችኝን እመልስላት ነበር። ይህ ጽሑፍ እናንተ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ይታይሽ ፊት ቀርቤ በራሴ አፍ አነብላታለሁ። ታባርረኝ ይሆናል፤ ይገባኛል።

የስመኝን በሽታ ሳላስፈቅዳት መጻፌ ሌላ በደል መሆኑን አውቃለሁ። ግን መንገድ ላይ ብትወድቅ አጠገቧ ያለው ሰው ሰክራ እንዳይመስለው ፈራሁ።

ሃያ ዓመቷ ነው። ቀጠን ያለች ጠይም ናት፤ በግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለባት። ያያት ሰው ካለ፣ የት እንዳለች አትንገሩኝ። ደህና መሆኗን ብቻ ለእናቷ አሰሙልኝ።