የዐሥራ ሦስተኛዋ ጎድን ነገር

ሥራ የጀመርኩት በጃንሆይ ጊዜ፣ ሞጣ ላይ ነው። አሠሪዬ ሥጋ ሻጩ አያ ታምሩ ቢላዋ ሳይሰጡኝ በፊት «ጎድን ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እጄን በሸሚዜ ሥር ሰድጄ የራሴን ቆጠርኩና «ዐሥራ ሁለት ጥንድ» አልኩ።

«የጠየቅሁህ የበሬውን ነው። አንተን ማን ይገዛሃል?» አሉኝ። ሥጋ ሊገዛ የቆመው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የበሬ ጎድን ዐሥራ ሦስት ጥንድ መሆኑን ያን ዕለት ተማርኩ።

ቢላዋ መሳልና ብልት ማውጣት ከለመድኩ በኋላ ቢቸና ሄጄ ትንሽ ሥጋ ቤት ከፈትኩ። ሥጋ ሻጭ ከቄስና ከሐኪም እኩል ነው የሚጠየቀው። «ወንድ ከሴት በአንድ ጎድን ያንሳል የሚሉት እውነት ነው?» ይሉኛል። «ሰው አርጄ አላውቅም፤ የበሬና የላም ግን እኩል ነው» እላለሁ።

ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ «የሸጥክልኝ ጎድን አልበስል አለ» ብለው መጡ።

«ምን ያህል ጊዜ ጣዱት?»

«ገበያ ደርሼ እስክመለስ።»

«እትዬ፣ ጎድን እኮ እንቁላል አይደለም። ለስለስ ባለ እሳት ይጣዱትና ግማሽ ቀን ይርሱት።»

ረሱት። አረረ። እሱንም የጠየቁት እኔን ነው።

አንድ መስቀል ዐሥራ ሁለት አባወራዎች በሬ ገዝተው ቅርጫውን እንዳካፍል ጠሩኝ። ለዓመታት ያካፍሏቸው የነበሩት አያ መኩሪያ ዓይናቸው ደክሞ ቢላዋ ካስቀመጡ ገና ወራቸው ነበር። ቅርጫው ካማረልኝ ሰፈሩ የእኔ ነው፤ ከተበላሸብኝ ደግሞ የሞጣን መንገድ አውቀዋለሁ።

በሬውን ገፍፌ ብልት አወጣሁ። ዕጣ ከመጣሉ በፊት በየመደቡ ሁለት ሁለት ጎድን ሳስቀምጥ ሁለት ተረፈኝ።

«ምን ዓይነት በሬ ነው ይሄ!» አለ አንዱ አባወራ። «እስከ ዛሬ ሁለት ሁለት ሲደርሰን አንድም ተርፎ አያውቅም!»

ከሌላ አገር ለጤና ጣቢያው ተመድቦ የመጣ፣ ቁስል የሚያጥብና መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ከአባላቱ አንዱ ነበር። «በትምህርትም ዐሥራ ሁለት ጥንድ ነው» አለ።

«የማን?» አልኩት።

«የጎድን ነዋ!»

«ትርፍ አካል ያለው ከብት አይበላም» አለ ሌላው። ይሄኔ ሥጋ ሊቀበሉ የመጡት ሴቶች ሊሄዱ ድስታቸውን አነሱ። እኔ ዐሥራ ሦስት ነው እያልኩ ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ? ለእነሱ በሬውም እኔም እንግዳ ነን።

«አያ መኩሪያ ይጠሩ!» ተባለ። ቤታቸው ከአጥሩ ማዶ ስለነበር ወዲያው መጡ።

«አያ መኩሪያ፣ እርስዎ ይፍረዱን። የበሬ ጎድን ስንት ጥንድ ነው?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የተረፉትን ሁለቱን ዳሰሱ። ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቆዳው የአካፋዩ የድካም ዋጋ ነው፤ የመጨረሻዋ ጥንድ ጎድን በየዓመቱ በቆዳው ተጠቅልላ እሳቸው ቤት ስትገባ ኖራለች። ዐሥራ ሁለት ካሉ በሬው ለውሻ፣ እኔም ለሞጣ። ዐሥራ ሦስት ካሉ ጉዱ የራሳቸው ነው።

«ዐሥራ ሦስት» አሉ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ዐሥራ ሦስተኛዋ የት ነበረች?»

«ከቆዳው ጋር ትሄድ ነበር።»

ከአባላቱ አንዱ የሆኑት መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉና «አያ መኩሪያ፣ ሳናይዎት አንድ ሙሉ በሬ ጎድን በጎድን እየነዱ ቤትዎ አስገብተዋላ!» አሉ።

«ቀንዱና ሰኮናው ብቻ ነበር የቀረኝ» አሉ ሽማግሌው። «ምን ላድርግ፣ ዓይኔ ከዳኝ።»

ሳቁ ማዶ ሰፈር ተሰማ። ድስቶቹም ተመለሱ፤ ድሬሰሩ ብቻ አላመነም፤ የበሬውን ጎድን እንደገና ከአንድ ጀምሮ ይቆጥር ነበር። ከተረፉት አንዷን ለአያ መኩሪያ ጡረታ ብለው ሰጧቸው፤ ሁለተኛዋን ለእኔ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ቅርጫውን በእኔ ያካፍል ጀመር። ቢላዋ ሳላነሳ በፊት «ዐሥራ ሦስተኛዋ ጥንድ የእኔ ናት፤ እሺ?» እላለሁ። እምቢ ያለኝ የለም። ጎድን ያማረው ቆራጭ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ይሰጡታል።