ጋሽ ደምሌና ሰላም ሳይባል የተገዛችው ባቡር

ኧረ ውሸት ነው በሉኝ!

ዛሬ ጠዋት እናቴ "ጋሽ ደምሌ አረፉ" ስትለኝ "የትኛው ጋሽ ደምሌ?" አልኳት። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጋሽ ደምሌ ብቻ እንዳሉ እያወቅሁ። ትናንት ከሰዓት እኮ "ነገ ሁለት ትርፍ ፉርጎ እንሸጣለን፣ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ" ብለውኛል። አድርጌያለሁ። መቶ ፐርሰንት ነው።

ለማታውቋቸው፦ ጎረቤታችን ናቸው። ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ ሲያከራዩ የኖሩ ሰው። አንድ እንግዳ ለምስጋና ብሎ የመዳፍ ያህል የሞዴል ባቡር ፉርጎ ትቶላቸው ሄደ። ሌላው ሰው ቢሆን ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጣት ነበር። እሳቸው ግን "ብቻዋን ምን ትሠራለች?" ብለው እንቅልፍ አጡ።

ያገለገሉ የሞዴል ባቡሮች የሚሸጡበት የኦንላይን ጨረታ ግሩፕ ውስጥ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ባለቤታቸው እትዬ ፈንታዬ እስካሁን ይቅር አላሉኝም።

መጀመሪያ የገዙት ዘጠኝ ፉርጎ ነው። ፎቶው ላይ ከፊት የቆመችው ጎታች ሞተር አብራ የምትሸጥ መስሏቸው! ካርቶኑ ተከፈተ፣ ፉርጎ ብቻ። ካርቶኑን ገልብጠው አዩትና "ጭነቱ መጣ፣ በቅሎዋ ቀረች" አሉ። ሳቄን ለመደበቅ ወጥቼ ሮጥኩ።

ዓመት ሙሉ ባቡሯን በጣታቸው እየገፉ አዞሯት። "በዕድሜዬ ባቡር አላየሁም። ይቺ በራሷ ስትሄድ ልይ፤ ሌላ ምንም አልፈልግ" ይሉኝ ነበር። ይህን ሲሉ እኔ እንኳ አልቀልድም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሞተር ለጨረታ በቀረበ ቁጥር እሳቸው ያስጽፉኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ዋጋ ልጽፍ ስል እጄን ይይዙታል።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ሰላም በያቸው!"

"እሺ ጋሼ፣ ሰላም ብያለሁ።"

"እንዲህ ነው ሰላም? እንደምን ዋላችሁ በይ። ልጆች ደህና ናቸው ወይ፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ፣ ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል በይ።"

"ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ ቀረ!"

"ምነው፣ ገበያ መሰለሽ እንዴ?"

"ገበያ እኮ ነው ጋሼ!"

ተዘጋ። ሦስት ሞተር እንዲህ ሰላምታ ላይ እያለን አመለጠን።

አራተኛዋ አረንጓዴ ነበረች። ጋሽ ደምሌ በቅሎ እንደሚመርጡት መረጧት። ሻጩን "ባዶዋን አይደለም፣ ጭና ስትሄድ አሳዩኝ" ብለው ቪዲዮ አስላኩት፤ ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈው አዳመጡና "ትንፋሿ ንጹሕ ነው" አሉ። ግሩፑ ውስጥ ያሉት አዋቂዎች ሁሉ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ መጠየቅ ጀመሩ።

ጨረታው ሊዘጋ ሲል እኔ ኃጢአት ሠራሁ። እሳቸው በሰላምታው ከብቱ ጋ ሲደርሱ ቀስ ብዬ ዋጋውን ላክሁት። ተዘጋ። አሸነፍን! ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ።

"ሰላም ብለሻል?" አሉኝ።

"…አዎ።"

"አንብቢልኝ።"

በቃ፣ ተያዝኩ። ዓመት ሙሉ የተመኟትን ሞተር ሊመልሷት ተነሡ! "ወንድሞቼ፣ ሰላም ሳልላችሁ ዋጋ ጠርቻለሁና ከእኔ ቀጥሎ ላለው ይሰጥልኝ" ብለው አስጻፉኝ። እያለቀስኩ ጻፍኩት፣ ልዋሽ አልችልም።

ከእሳቸው ቀጥሎ የነበሩት አቶ ጀማል የሚባሉ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ወዲያው መለሱ፦ "ኧረ አባቴ፣ የእርስዎ ናት።"

"የለም፣ በቅዱስ ላሊበላ ይዤዎታለሁ፣ ይውሰዷት።"

"ወላሂ አልነካትም!"

ሁለት ሽማግሌዎች ልክ እንደ በር ላይ "ይቅደሙ፣ የለም ይቅደሙ" ይባባላሉ። አጫራቹ ጨነቀው። "ገዢ ሲጣላ አውቃለሁ፣ ሲለማመን ግን አላየሁም። እባካችሁ አንዳችሁ ገላግሉኝ!" ብሎ ጻፈ። በመጨረሻ አቶ ጀማል "እሺ፣ እርስዎ ይግዟት፣ መጀመሪያ ስትሄድ ግን እኔም በቪዲዮ ልይ" አሉና ታረቅን።

ከወልድያ በሚመጣው አውቶቡስ ደረሰች። ቤቱ በሰው ሞላ። መብራት አለመጥፋቱ ራሱ ተአምር ነው። ጎረቤታችን መሪጌታ፣ ባቡሯ ጠረጴዛ ላይ እያለች፣ ፈርተው እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቀሉ። "አትረግጥዎትም እኮ" ብላቸው "ዝም በይ፣ አንቺ ምላሳም!" አሉኝ።

ማዞሪያውን አዞርኩ። እር… አለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ አሥሩንም ፉርጎ ይዛ ተነሣች!

ጋሽ ደምሌ፣ ጉልበቴ ብለው ከወንበር የማይነሡት ሰውዬ፣ ከዘራቸውን ጥለው ጠረጴዛውን እየዞሩ አብረዋት ሮጡ። "መጭ! መጭ! ሂጂ የኔ ልጅ!" አቶ ጀማል በስልኩ ውስጥ "ኧረ ፍጥነቷን ቀንሱ፣ ትገለበጣለች!" እያሉ ይጮኻሉ። እትዬ ፈንታዬ በሩ ላይ እጃቸውን አጣምረው "አሁን ይሄ የትልቅ ሰው ሥራ ነው?" ቢሉም ዓይናቸው ከባቡሯ ጋር ይዞር ነበር። አይቻቸዋለሁ።

ዛሬ ከቀብር ስንመለስ ስልኬን ከፈትኩ። ከግሩፑ አንዱ ሐዘኑን ገልጾ ሲያበቃ "ባቡሯ ለጨረታ ትቀርባለች?" ይላል። ለእትዬ ፈንታዬ አነበብኩላቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና "አትሸጥም በይው" አሉ። ከዚያ ለቀስተኛው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ማዞሪያዋ በየት በኩል ነው? አሳይኝ። የሰፈሩ ልጅ መጥቶ ልይ ሲል ምን እለዋለሁ?"

ጋሼ፣ ይሄን ቢያዩ እንዴት ይስቁ ነበር! ከሰልስት በኋላ አስተምራቸዋለሁ፤ ቶሎ ባይገባቸው እንደማልስቅባቸው ግን ቃል አልገባም።

ከእንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ "ላስታ ባቡር የለም" ቢለኝ እጁን ይዤ ቤትዎ አስገባዋለሁ። በሰላም ይሂዱ ጋሼ። ባቡር ያመጡልን እርስዎ ነዎት።