የሰቀልሁት ሰሌዳ

በደርግ ዘመን ሰቆጣ የታሪክ መምህር ሆኜ ተመድቤ ሳለሁ፣ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የአገሩን ሰው ሰብስቦ ያሰረበትን ግቢ የአውራጃው አስተዳደር የመታሰቢያ ቤተ መዘክር አደረገው። አስረጂነቱ ለእኔ ተሰጠ። በከተማው ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ስለ ግቢው ያነሰ የማውቀው እኔ ነበርሁ፤ ዲግሪ ያለኝም እኔው።

በግቢው ሁለት የድንጋይ ቤቶች ነበሩ። አንደኛው የብረት በርና ጠባብ መስኮት ስለነበረው፣ ማንንም ሳልጠይቅ «ወገኖቻችን የማቀቁበት ክፍል» የሚል ሰሌዳ ሰቀልሁበት። ሁለተኛው አሮጌ የበቅሎ ጋጣ ነበር። ለታሪክ የማይጠቅም መሆኑን በጽሑፍ አረጋገጥሁና፣ ማደሪያ ስላልነበረኝ ራሴ ገባሁበት።

ቤተ መዘክሩ በተከፈተ በሳምንቱ፣ የካቲት ይመስለኛል፣ አንዲት አሮጊት ከጋዝጊብላ በእግራቸው መጡ። በኮረዳነታቸው ከታላቅ ወንድማቸው ጋር እዚያ ታስረው እንደነበር፣ ወንድማቸውም እዚያው እንደሞተ ነገሩኝ። ያኔ እንዲያለቅሱለት አልተፈቀደላቸውም፤ የመጡት የሞተበትን ቦታ አይተው ሊሰናበቱት ነበር። እኔ ወደ ብረት በሩ ወስጄ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ባሕርይ ገለጻ ጀመርሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ተናግሬያለሁ፤ ራሴን ስወቅስ ግማሽ ሰዓት አደርገዋለሁ።

ሰሙኝ ሰሙኝና፣ «መምህር፣ ንግግርህ ደግ ነው» አሉ። «ይኸ ግን የጣሊያኑ ዱቄት ቤት ነው።»

«እናቴ፣ በሩን አይተውታል? የብረት ነው።»

«አየሁት እንጂ። ጣሊያኑ የሚሰስተው ለዱቄቱ ነበር። የወንዶቹ እግር ታስሯል፤ እኛ ሴቶቹ ጥለናቸው ወዴት እንሄዳለን?»

«ሰነዱ የሚለው ግን…» አልሁ። ሰነዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

«ሰነዱ ከእኛ ጋር ታስሮ ነበር?» አሉና በምርኩዛቸው ጋጣውን አሳዩኝ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቁልፍ ያዡ ገበያ ሄዷል ብዬ ዋሸሁ፤ ውስጥ ያልተነጠፈ አልጋ፣ ያልታጠበ ድስት፣ በገመድ ላይ የተሰጣ የውስጥ ልብሴ ነበረና። «እጠብቀዋለሁ» ብለው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ ሲከርባቸው አፍሬ ከፈትሁት።

ልብሴን እንደ መጋረጃ ገለጥ አድርገው አለፉ። በአልጋዬ ግርጌ ያለውን ጥግ በመዳፋቸው ዳበሱና በኽምጣንጋ ብዙ ተናገሩ። ቋንቋውን አላውቅም፤ ለዓመታት «ጸሎት ነበር» ስል አውርቻለሁ። ምናልባት ስለ ቤት አያያዜ ለወንድማቸው ነግረውት ይሆናል።

እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ሲወጡ፣ «እዚህ ነው የምታድረው?» አሉኝ።

«አዎን፣ እናቴ።»

«ብርዱ በዚያ በኩል ነው የሚገባው፤ አልጋህን አዙረው። ሰሌዳህንም ወደዚህ አምጣው። እኔ እንደሁ ተመልሼ አላየውም፣ ሌላው ይየው።»

እሺ አልሁ። አልጋዬን በዚያው ቀን አዞርሁ። ሰሌዳውን ማዛወር ግን ማደሪያዬን መልቀቅ ነበር፤ በሰቆጣ ደግሞ ከሌላ አገር ለመጣ ሠራተኛ ቤት በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ለጎብኚዎች ዱቄት ቤቱን ማስረዳቴን ቀጠልሁ፤ ድምፄን ብቻ ዝቅ አደረግሁ።

ሌላ ቤት እንዳገኘሁ ሰሌዳውን በእጄ ነቅዬ ጋጣው ላይ ሰቀልሁት፤ ይህን በእርግጥ አስታውሳለሁ። ስንት ጊዜ ቆየህ ለሚለኝ፣ ሦስት ሳምንት እላለሁ። ነገር ግን የሐምሌ በረዶ የጋጣውን ቆርቆሮ ሲደበድበው፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ብርድ በማያገኘኝ በኩል፣ መስማቴንም አስታውሳለሁ።