ያሠለጠንኳት ልጅ ስታሠለጥነኝ

የኤአይ ሥልጠናው በተጀመረበት ቀን የሠራሁት ጅልነት እስካሁን ቢሮ ውስጥ ይሳቅበታል። ከድምፅ ማጉያው "እንደምን አደሩ፣ ጋሽ በላይ?" የሚል የሴት ድምፅ ሲመጣ፣ ብድግ ብዬ ኮፍያዬን አወለቅኩና "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?" አልኩ። ለካ ማሽኑ ነው። ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ስለነበር፣ ልቀመጥ ስል ወለሉ ላይ አረፍኩ።

መሥሪያ ቤታችን እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አዲሰን የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። ታማሚዎችን ከየቤታቸው ወደ ኩላሊት እጥበትና ወደ ሐኪም ቀጠሮ በቫን እናመላልሳለን። በሾፌርነት ጀመርኩ፤ ወገቤ አልታዘዝ ሲል ዲስፓቸር ሆንኩ፤ ስልክ አነሳለሁ፣ ለየሾፌሩ ጉዞ እመድባለሁ። ኋላም አዲስ ገቢዎችን የማሠለጥነው እኔ ሆንኩ። "ትሬይነር" የሚለውን ባጄን ቤተ ክርስቲያን ድረስ አድርጌው እሄድና፣ ሰው ሲያየው "ውይ፣ ረሳሁት" እል ነበር።

ሶ፣ ኤአዩ መጣ። ስልክ ያነሳል፣ አማርኛ ያወራል፣ ጉዞ ይመድባል፤ የእኛ ሥራ እሱን መቆጣጠርና ሲሳሳት ማረም ሆነ። ማናጀራችን አሠልጣኝ አድርጎ የሾመው ግን ሂሩትን ነው። ሂሩትን! የስልክ ማዳመጫውን ገልብጣ ስታደርግ ያቃናሁላትን ልጅ! "ፈተናውን ያላለፈ ወደ ቫን ይመለሳል" አለን። በእኔ ወገብ ቫን ማለት ስንብት ነው።

ቅናቱ ምግብ ዘጋኝ ብል ውሸት ነው፤ እንዲያውም ከፈተልኝ። እሷ ስታስረዳ እኔ አማርኛዋን በሆዴ አርም ነበር።

በልምምዱ ቀን ወጥመድ አዘጋጀሁ። ማናጀሩ ባለበት፣ ድምፄን እንደ አሮጊት አቅጥኜ ለማሽኑ ደወልኩ።

"ልጄ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ሐኪም ቤት አድርሱኝ።"

ከሰዓት በኋላ ብሎ ሲመዘግበው ላጨበጭብ እጄን አዘጋጅቻለሁ።

"እማማ፣ በሐበሻ ሰዓት ነው? በፈረንጁ ጠዋት ዘጠኝ ልበል?" አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። "እማማ በላይ!" አለ አንዱ።

"ይሄን ማን አስተማረው?" አልኩ።

"እርስዎ ነዎታ፣ ጋሼ!" አለች ሂሩት። "'ሰዓት ሲነግሩሽ የማን ሰዓት እንደሆነ ጠይቂ' ብለውኝ አልነበር? ሲሳሳት ያንኑ ነገርኩት።"

ባሰብኝ። በእሷ ስቀና ቆይቼ በማሽኑም ቀናሁ፤ እሷ ስንት ቀን የፈጀባትን እሱ አንዴ ሰምቶ ያዘ። ማናጀሩም "ግሬት ጆብ!" አለ፤ ለእሷ።

ፈተናውን ወደቅኩ። ማሽኑ አንዱን ሾፌር በተመሳሳይ ሰዓት ለሁለት ታማሚ መድቦት ሳለ፣ እኔ ሳላነብ ኦኬን ተጫንኩ። ከማሽኑ ጋር ተኳርፈን ነበራ! ማናጀሩ አንድ ተጨማሪ ዕድል ሰጠኝ።

"ጋሼ፣ በምሳ ሰዓት ይምጡና ላሳይዎት" አለችኝ ሂሩት።

"ምሳ አልያዝኩም።"

"ለሁለታችንም እይዛለሁ።"

ማምለጫ አጣሁ። የምስር ወጧን እየበላሁ፣ "ኧረ ጋሼ፣ መጀመሪያ ያንብቡት!" እየተባልኩ ተማርኩ። በሁለተኛው አለፍኩ።

ዛሬም ዲስፓቸር ነኝ። ዛሬም እቀናለሁ፤ አዲስ ገቢዎቹ ለጥያቄ ወደ እሷ ጠረጴዛ ሲሄዱ ዓይኔ አብሯቸው ይሄዳል። ያሠለጠናችሁት ሰው አንድ ቀን ያሠለጥናችኋል። ቅናቱ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ፤ እየቀናችሁ ተማሩ።

የምሳ ሰዓት ትምህርታችን ባለቀበት ቀን የሂሩትን የምሳ ዕቃ አጥቤ ልመልስ ብዬ ቤቴ ወስጄው ነበር። የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ እኔ ከእንቁላል ቅቅል ሌላ አልችልም። እስካሁን እኔው ዘንድ ነው።