የኤልዳና አስራ አንደኛ ጥያቄ

ፈትለወርቅ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ሃምሳ ልጅ ከኋላዋ ሲንጫጫ ፊቷ አይለወጥም፤ ሰው ላይ ስታሾፍም ያው ነው፣ ፊቷ አያስታውቅም።

ልጇ ትህትና ሰባት ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አላት። አትናገርም፤ የምትፈልገውን ግን እጅ ጎትታ ታሳያለች። ሐኪሙ "ሁለት ቋንቋ እየሰማች ስለሆነ ነው" ሲል፣ ዘመድ "አባቷም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው" ሲል፣ ነገሩ የታወቀው አምስት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው።

ባለፈው መጋቢት ኤልዳና የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤታቸው መጣች። እዚሁ ዴንቨር የተወለደች ናት። የምትሠራበት ጥናት እንደ ትህትና ያሉ የስደተኛ ልጆች ሕክምና ለምን እንደሚዘገይባቸው ይጠይቃል።

"ቁጥር አስራ አንድ" አለች ታብሌቷን እያየች። "አፖይንትመንት ማግኘት ምን ያህል ዲፊካልት ነው? ከአንድ እስከ አምስት ሬት ያድርጉልኝ፣ ነጥብ ይስጡልኝ።"

"በቁጥር አይገባኝም" አለች ፈትለወርቅ። "የንግግር ቴራፒ ቀጠሮ ላስይዝላት ነበር። እስቲ አንቺ ደውዪልኝ። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ እንደ እኔ ሆነሽ።"

ኤልዳና ደወለች። ማሽኑ በእንግሊዝኛ ተናገረ፣ በስፓኒሽ ደገመ፣ ከዚያ ሙዚቃ ለቀቀ። ፈትለወርቅ ለወትሮው የማያመልጣት ሳቅ እንዳይታይባት ዞራ ሳህን ታጥባለች። ከሃያ ስድስት ደቂቃ በኋላ አስተርጓሚ መጣ፤ የሚናገረው ዐረብኛ ነው። መስመሩ ተቋረጠ። ሙዚቃውን የወደደችው ትህትና የኤልዳናን እጅ ይዛ ወደ ስልኩ ጎተተች። ድገሚ ማለቷ ነው።

ተደገመ። የተገኘው ቀጠሮ ለኅዳር ነው።

"ስምንት ወር!" አለች ኤልዳና። ጆሮዋ ቀልቷል። "አምስት ላድርገው?"

"እንደታየሽ።"

እንግዳዋ እንደወጣች ፈትለወርቅ ሌላ ቁጥር ደወለች። በዚያው ክሊኒክ ቀጠሮ የምትይዘው ሴትዮ የቀጥታ ስልክ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ያገኘቻት አንዲት እናት የሰጠቻት። በአራት ደቂቃ ለሚያዝያ ተያዘላት፤ የኅዳሩንም አሰረዘችው።

ይህን ለኤልዳና የነገረቻት ከወር በኋላ ነው። ልጅቷ ተቆጣች። "ቁጥሩን እያወቁ ለምን ደከምኩ?"

"ጥናትሽ ቁጥሩን ስለማያውቁት እናቶች አይደል እንዴ?"

ኤልዳና ታብሌቷን ከፍታ አዲስ ጥያቄ ጻፈች፦ የሚረዳዎትን ሰው ያገኙት በማን በኩል ነው? ከተጠየቁት እናቶች የሚበዙት "በማንም፤ የሚረዳኝ የለም" ብለው መለሱ። ፈትለወርቅ ይህን ስትሰማ አልሳቀችም። የሴትዮዋን ስልክ ለምታገኛቸው እናቶች ሁሉ ትሰጥ ጀመር።